ከእሳት ለማዳን ካዝና ልግዛ ወይስ ሃርድ ዲስኩን ከቤት ላውጣ?

የፎቶ ቤቱ ልጅ፣ ጅማ
ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጅማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ያለው ቤት ተቃጠለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ዘበኛው ደውሎ ቀሰቀሰኝ። ስደርስ ጭሱ በእኔ ኮርኒስ በኩል እየወጣ ነበር። የእኛ ተርታ ሱቆች ግድግዳቸው ቢለያይም ጣሪያቸው አንድ ነው። ኮርኒሱ የአንዳንዱ ችፑድ፣ የአንዳንዱ አቡጀዴ ነው። እሳት አንዴ እዚያ ውስጥ ከገባ በር አያንኳኳም።

ሰፈሩ ባልዲና ጄሪካን ይዞ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪናም ደረሰ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። የጎረቤቴ ቤት ግን አልተረፈም። የሃያ ዓመት ልፋቱ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ዛሬም እሱ ዘንድ ተቀምጬ ነው የዋልኩት።

ያን ሌሊት ኮምፒውተሩን አቅፌ ወጣሁ። ተመልሼ ካሜራዎቹን አወጣሁ። ጠዋት ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ የምላቸው ሁለቱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ከኮምፒውተሩ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። አላነሳኋቸውም። ትዝም አላሉኝም። ዘበኛው ስልኬን ባያገኘው ኖሮ ኮምፒውተሩም፣ ሁለቱ ዲስኮችም እኩል ይሄዱ ነበር። እግሬ የተንቀጠቀጠው ያኔ ነው።

እነዚያ ዲስኮች ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ፎቶ ቤቱን የከፈተው አባቴ ነው። ኔጋቲቮቹን በሳጥን በሳጥን አስቀምጦ፣ በየፖስታው ላይ የሰው ስም፣ ሰፈርና ቀን በእጁ ጽፏል። እሱ ካረፈ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስካን አደረግኳቸው። አሁን 11 ሺህ ገደማ ደርሻለሁ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እኔ ጋ ይመጣል። «አባትህ አንስቷት ነበር፣ ፈልግልን» ይላሉ። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ የተነሳች አያት የነበረቻት ሴት ከሰቃ ድረስ መጥታ ነበር። በስም ፈልጌ አገኘሁላት። ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ እነዚህ ፋይሎች የእኔ ብቻ አይመስሉኝም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እሳት አይበላውም የተባለ ካዝና አየሁ። ሻጩ «አንድ ሰዓት እሳት ውስጥ ቢቆይ ያስገባኸው ወረቀት አይቃጠልም» አለኝ። ዋጋው ጥሩ ሌንስ ይገዛል። ሃርድ ዲስኮቹን እዚያ ውስጥ ብቆልፋቸው ይተርፋሉ? ኢንተርኔት ላይ ጫን እንዳትሉኝ፣ አንድ ሰርግ ብቻ ከነቪዲዮው እስከ 150 ጊጋባይት ይሄዳል። ብዙ ስለሆነ አልተቻለኝም።

ሌላም አለ። እሳቱን ሲያጠፉ ውሃው በእኔ በኩልም ወርዶ መሳቢያው ረጥቧል። አንዷ ዲስክ ውሃ ነክቷታል። እስካሁን አልሰካኋትም። ልሞክራት?


ከኪቶ ግቢ
ማክሰኞ ማታ

እንኳን ተረፍክ ወንድም። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ቴሌግራም ላይ ለራስህ ብቻ የግል ቻናል ክፈትና እዚያ ጫን። ነፃ ነው። ስትልክ ግን እንደ ፎቶ አትላክ፣ ያሳንሰዋል። «ፋይል» የሚለውን መርጠህ ላክ፣ ያኔ እንዳለ ይቀመጣል። በነፃው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል። ትልቅ ቪዲዮ ካለህ መቆራረጥ ይኖርብሃል። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ከነዳታው በዚህ ነው የያዝኩት።


የሰርቨር ክፍል ሰው
ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ እግዜር ያትርፍህ፣ ለጎረቤትህም ብርታቱን ይስጠው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት መንቲና ነው። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት የሰው ዳታ በመጠበቅ ላይ ስለሆነ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከረጠበችው ልጀምር፣ እሷ ጊዜ አትሰጥም። አትሰካት። ፀሐይ ላይም አታስጣት፣ በፀጉር ማድረቂያም አትንፋባት። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከረው ሳህንና ከላዩ ያለው አንባቢ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው። የጭስ ጥላሸትና የውሃ ዝቃጭ እዚያ ከገባና መብራት ከሰጠሃት ሳህኑን ትፍቀዋለች። ያኔ ባለሙያም አያድናትም። ደግነቱ የአንተ ኮምፒውተር ወጥቷል። ስለዚህ እሷን በላስቲክ ከረጢት አሽገህ አስቀምጥና ዛሬውኑ ሌላ ዲስክ ገዝተህ ከኮምፒውተሩ ላይ ገልብጥ። ለነገ አትበል።

አሁን ካዝናው። ሻጩ አልዋሸህም። ችግሩ ካዝናው የተሠራው ለወረቀት መሆኑ ላይ ነው። በአሜሪካኖቹ መመዘኛ የወረቀት ካዝና ማለት ውጭው እቶን ሲሆን ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴልሺየስ የማያልፍ ማለት ነው። ወረቀት ያንን ይችላል። ለዲስክና መሰል ዕቃ የወጣው መመዘኛ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ከ52 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ደግሞ ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንግዲህ አስበው፤ ካዝናው ሥራውን በትክክል ሠርቶ፣ ወረቀትህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ውስጡ ግን ጀበና ከሚፈላበት በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስክህ እዚያ ውስጥ ነው።

እንፋሎቱም አለ። የብዙዎቹ ካዝናዎች ግድግዳ የተሞላው እንደ ጀሶ ባለ ነገር ነው። ጀሶ በውስጡ ውሃ የያዘ ነው። ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣና ሙቀቱን ይቀንሰዋል። ብልሃቱ ያ ነው። እንፋሎቱ ግን ወደ ውስጥም ይገባል። ወረቀት ረጥቦ ይደርቃል። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ ደግሞ መተንፈሻ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ሲዲና ዲቪዲም ቢሆን ፕላስቲክ ነው፣ ይጣመማል።

ለዲስክ ተብሎ የሚሠራ ካዝና መኖሩን አውቃለሁ። ከባድ ነው፣ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እኔ አንተን ብሆን ያንን ገንዘብ ለሁለት አዲስ ዲስኮችና ለትራንስፖርት አውለዋለሁ። ምክንያቱም ዲስክን ከእሳት የሚያድን ከርቀት የተሻለ ነገር አላየሁም። እሳት ሂርማታ ቢነሳ አጋሮ ያለ ዲስክ አይሞቀውም።

የሙያ ጓደኛህ የሆነ ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው ሕግ አለ። 3-2-1 ይሉታል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አንተ ሦስት ቅጂ ነበረህ። ሦስቱም ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ለእሳቱ አንድ ናቸው።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡር ከተማ ያለው፣ ኦቪኤች የሚባል ኩባንያ የሰው ፋይል የሚያስቀምጥበት የዳታ ማዕከል ነደደ። አንዱ ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጡ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የዳታ ማዕከል ውስጥ ከባትሪ እሳት ተነሳ። የመንግሥት ሠራተኞች ፋይል የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት ወደመ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ምክንያቱ ምን ነበር? መጠኑ ለባክአፕ በጣም ብዙ ነው ተብሎ። አንተ «ብዙ ስለሆነ አልተቻለኝም» ስትል እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ሁሉንም አንድ ላይ አትየው። የአባትህ ስካኖች አንድ ነገር ናቸው፣ የሰርግ ቪዲዮ ሌላ ነገር ነው። ስካኖቹን በጄፔግ አስቀምጠህ አንዱ 3 ሜጋባይት ቢሆን 11 ሺው 33 ጊጋባይት ነው። መስመርህ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ወደ ላይ ቢሰድ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለት ሌሊት በለው። አንድ ሰርግ ከነቪዲዮው ግን በዚያው መስመር 67 ሰዓት ይወስዳል። እሱን በዲስክ ላከው። ከሰርጉ ላይ ለሙሽሮቹ የመረጥካቸው 300 ፎቶዎች ብቻ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማስቀመጫ ይውጡ፣ አንድ ሰዓት ቢወስዱ ነው።

ከኪቶ ግቢ ያለው ልጅ የነገረህ ለተጨማሪ ጥሩ ነው። ብቸኛ ቦታ አታድርገው ብቻ። ቴሌግራም ከስልክ ቁጥርህ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ቁጥሩ ከጠፋ ጣጣ ነው። ጉግልም በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ ያውም ከኢሜይልህ ጋር ተካፍሎ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ አካውንት ደግሞ ሊሰርዝ ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኔጋቲቮቹ ራሳቸው የት ናቸው?


የጽሕፈት ሥራዋ እህት፣ አጂፕ
ረቡዕ ከሰዓት

ወንድሜ አይዞህ። የሰቃዋን ሴት ታሪክ ሳነብ እንባዬ መጣ።

እኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የክስ ማመልከቻ፣ የዕድር መዝገብ፣ ሁሉም እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔን ያስተማረኝ እሳት ሳይሆን ዝናብ ነው። ክረምት ላይ ንፋስ አንድ ቆርቆሮ አነሳብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘንብ አደረ። የአንዲት ተማሪ የሁለት ዓመት ሥራ ነበር። ልጅቷ ፍላሽ ላይ ስለያዘችው ተረፈ። ባትይዘው ኖሮ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ያን ክረምት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እንደ እኔው የጽሕፈት ቤት ካላት ጓደኛዬ ጋር ተነጋገርን። ወንፈል በሉት። የእኔ ዲስክ እሷ ቤት ያድራል፣ የእሷ እኔ ቤት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንለዋወጣለን። ቡናም እንጠጣለን። ሦስት ዓመት ሆነን፣ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው የቀረብን። ለሁለታችንም የለቅሶ ቀን ነበር።

መጀመሪያ የሠራነውን ስህተት ግን ልንገርህ። ቅዳሜ ዲስኩን ከእሷ ቤት አምጥቼ፣ አዲሱን ሥራ ገልብጬበት፣ ሰኞ እመልሰው ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ዋናውም ቅጂውም እኔ ቤት ናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ቢደርስስ? አሁን ሁለት ዲስክ ነው ያለኝ። አዲሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ። ሁልጊዜ አንዱ እዚያ ነው።

ስለ ጅማ እርጥበትም አትርሳ። አንተ ሌንስህ ላይ ፈንገስ ሲወጣ ታውቀው የለ? ዲስኩንም እንደዚያው ነው የሚያስበው። እኔ ክዳኑ ጎማ ያለው የምሳ ዕቃ ገዛሁ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስቤ አብሬ አስገባሁ። አልፎ አልፎ እቀይራቸዋለሁ። በላዩ ላይ በማርከር ቀን እጽፋለሁ።


ኤሌክትሪሽያኑ
ረቡዕ ማታ

አጭር ነገር ልጨምር። ብዙ ሱቅ ገብቼ የማየው አንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ቻርጀርና የቡና ምድጃ ተሰክቶ ነው። ምድጃ ለብቻው በወፍራም ሽቦ ከግድግዳ ሶኬት ይሰካ። ሶኬቱ ሲነካ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ ያን ቀን ይቀየር። ማታ ስትዘጋ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ አውርድ።

ባክአፕ ዲስክን ሁልጊዜ ሰክታችሁ አትተዉ። በክረምት የእኛን ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ። አንድ መብረቅ በመስመሩ ከገባ ኮምፒውተሩንም የተሰካበትንም አብሮ ይወስዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉ። ቫይረስም የሚያገኘው የተሰካውን ነው።

የእሳት ማጥፊያ ስትገዛ ለኮምፒውተር ክፍል የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠይቅ። ዱቄቱ እሳት ያጠፋል፣ ግን ዱቄቱ ራሱ ኤሌክትሮኒክስ ይበላል። ሌላ ከሌለ ዱቄቱም ይሁን፣ ባዶ እጅ ከመሆን ይሻላል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ሱቅ ከሱቅ ሲጣበቅ ውጤቱ ያ ነው። የእናንተም ተርታ እንደዚያው ነው።


የፎቶ ቤቱ ልጅ፣ ጅማ
ሐሙስ ማታ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካዝናውን ተውኩት። ዛሬ ሁለት ዲስክ ገዛሁ፣ አንዷ አሁን እየገለበጠች ነው። የረጠበችዋን አሽጌ አስቀመጥኳት። አልነካኋትም።

ኔጋቲቮቹ የት ናቸው ለተባለው፣ እውነቱን ልናገር። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከጀርባ ክፍል ናቸው። ጥያቄውን እስካነብ ድረስ ኔጋቲቩ ራሱ ቅጂ መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ሳጥኖቹን ስከፍት አንዱ የኮምጣጤ ሽታ ሸተተኝ። ይህ ምንድን ነው?

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገርም አለ። ዲስኩን ወደ አጋሮ እህቴ ጋ መላክ እችላለሁ። ግን የሰርግ ፎቶ ስላችሁ የሒና ምሽትም አለበት። ሴቶቹ ብቻቸውን ሆነው፣ ሂጃባቸውን አውልቀው የተነሱት ነው። ያነሳቻቸው ባለቤቴ ናት፣ ፎቶውን የምታስተካክለውም እሷው። እኔ እንኳ አላየውም። ለቤተሰቦቹ ሌላ ሰው አያየውም ብለን ቃል ገብተናል። ዲስኩ ሚኒባስ ላይ ቢጠፋስ? እህቴን አምናታለሁ፣ ቤቷ ግን እንግዳ አይጠፋውም።


የሰርቨር ክፍል ሰው
ሐሙስ ሌሊት

ቃልህን መጠበቅህ ደስ አለኝ። ዲስኩን ቆልፈህ ላከው። ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር የሚባል መቆለፊያ አብሮት አለ። ካልሆነ ቬራክሪፕት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከተቆለፈ በኋላ ያገኘው ሰው ሰክቶ ቢያየው ምንም አይገባውም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓስወርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ሲቃጠል አጋሮ ያለው ዲስክ ደህና ነው፣ የሚከፍተው ግን የለም። ቢትሎከር 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁጥር ይሰጥሃል። እሱን ወረቀት ላይ ጻፈው። አንዱን ቤትህ፣ አንዱን ሌላ የምታምነው ሰው ጋ አድርግ። ከዲስኩ ጋር አንድ ምሳ ዕቃ ውስጥ ግን አታስቀምጠው። ለባለቤትህም አሳያት። አንተ ብትታመምስ?

የኮምጣጤው ሽታ ፊልሙ ራሱ እየፈረሰ መሆኑን ነው የሚነግርህ። አሴቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ሲያረጅ አሲድ ይለቃል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል። የሸተተህን ሳጥን ከሌሎቹ ለይ፣ ሽታው ሌሎቹንም ያስከትላል። ያልተስካነ ካለበት ዛሬ ማታ በእሱ ጀምር። የቀሩትን ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚገባበት ቦታ አድርግ። ስካኑ ያለበት ቤት ግን አይሁን። ጅሬን በኩል ዘመድ አለህ? ከፍ ያለ ነው፣ ከአዌቱ ወንዝም ይርቃል።

የመጨረሻው ነገር። ዲስኩ አጋሮ ከደረሰ በኋላ አንድ ቀን ሄደህ እዚያው ክፈተው። በሌላ ሰው ኮምፒውተር፣ በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር። ፎልደሩን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ፎቶዎቹን ከየፎልደሩ ክፈት። ከፍተህ ያላየኸውን ባክአፕ እኔ ባክአፕ አልለውም። በሥራዬ ከእሳት ይልቅ ይህ ነው ብዙ ሰው ያስለቀሰው።


የፎቶ ቤቱ ልጅ፣ ጅማ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ኔጋቲቮቹ ጅሬን አክስቴ ቤት ገብተዋል። አስራ ሰባት ሳጥን ነው። በባጃጅ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ኮምጣጤ የሸተተው ሳጥን ውስጥ 140 ያልተስካኑ ነበሩ። ዘጠኝ ሌሊት ፈጅቶ አለቀ። ስድስቱ ተሸብሽበው ምስላቸው ሄዷል። ስማቸው ፖስታው ላይ አለ። ያንን መዝግቤ አስቀመጥኩት።

ስካኖቹን ወደ ክላውድ ጫንኩ። ሁለት ሌሊት የተባለው እኔ ጋ አራት ሆነ፣ መብራትም ኔትወርክም እየሄደ። ግን አለቀ። ሶኬቶቹንም አስቀየርኩ። ምድጃው ከሱቁ ወጥቷል።

ቁጥሩን የጻፍኩበትን አንዱን ወረቀት ባለቤቴ ይዛዋለች። ሌላውን ዛሬ ይዤ አጋሮ ሄድኩ። በእህቴ ባል ላፕቶፕ ቁጥሩን አስገባሁ፣ አንድ አሃዝ ተሳስቼ እንደገና፣ ከዚያ ተከፈተ። የተባልኩትን አደረግኩ፣ ከየፎልደሩ እየከፈትኩ አየሁ። «1971» የሚለው ፎልደር ውስጥ ከዝርዝሩ ግማሽ ወደ ታች ያሉት ፎቶዎች አይከፈቱም። ስማቸው አለ፣ መጠናቸው ዜሮ ነው። ስገለብጥ መብራት የሄደ ቀን መሆን አለበት። ኮምፒውተሬ ላይ ደህና ስለሆኑ ሁለተኛዋን ዲስክ አስተካክዬ በሚቀጥለው እሑድ ይዤ እሄዳለሁ። አጂፕ ያለሽው እህቴ፣ እንዳልሽው አዲሷን ሰጥቼ አሮጌዋን ነው የምመልሰው።

ከሚከፈቱት ውስጥ አንዱን ስጫን እናታችን ወጣች። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላትም። አባቴ ከመጋባታቸው በፊት ነው ያነሳት። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ይህን አይቼው አላውቅም» አለች። ስልኳ ላይ ገልብጬላት ተመለስኩ።